ፊውዙን እዩ፣ ካርቶኑን አትመኑ
በዛሂር ስብሰባችን ላይ ስለ መኪና አምፕሊፋየር አሠራር የቀረበ ንግግር

በዛሂር ስንሰባሰብ ሥራ ይዟችሁ የቀራችሁ፣ ከጅዳም መምጣት ያልተመቻችሁ ብዙ ናችሁ። የተባለው እንዳለ በጋዜጣችን ይውጣልን ስላላችሁ፣ ያው እንደተነጋገርነው አድርጌ አቅርቤዋለሁ። ቁጥር ይበዛበታል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ እያሰላችሁ ብታነቡት ይሻላል፤ ከመደመርና ከማባዛት የሚያልፍ ነገር የለውም።

ርእሱ ትንሽ ይመስላል። የመኪና ቴፕ ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር በእጃችን እንዴት እንሠራለን ነው። ከሥሩ ግን ሁለት ትልልቅ ጉዳዮች አሉ። አንዱ ገንዘባችን ነው። በላባችን ያገኘነውን ሪያል በካርቶን ላይ በተጻፈ ውሸት እየቀየርን ወደ አገር ቤት እንልካለን። ሁለተኛው ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በተጀመረው አፈሳና መመለስ ከ160 ሺህ በላይ ወገናችን ከዚህ አገር ተመልሷል። ብዙው የለበሰውን ልብስ ብቻ ይዞ ነው አዲስ አበባ የገባው። ሻንጣ ይቀራል፣ ካርጎ ይቀራል፤ እጅ ላይ ያለ ሙያ ግን ኤርፖርት ላይ አይቀርም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። የሳዑዲ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 39፣ ሠራተኛ ከአሠሪው ውጭ ለሌላ ሰውም ሆነ ለራሱ እንዳይሠራ ይከለክላል። ስለዚህ እዚህ የምንማረው ለመማር ነው። ገንዘብ ተቀብላችሁ የሰው መኪና አትክፈቱ። የቤት ሾፌር የሆናችሁም፣ የምትነዱት መኪና የአሠሪያችሁ ነውና ሳታስፈቅዱ አንዲት ሽቦ አትንኩ። ክፍላችሁ ውስጥ በአንድ ባትሪና በአንድ ስፒከር ሙሉውን ነገር መማር ይቻላል። እህቶቼም ይህ የወንድ ሥራ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት። ሶልደር ማድረግ ጉልበት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የተረጋጋ እጅና ትዕግሥት ነው።

የዋት ሒሳብ

ስብሰባው ላይ አንድ ወንድማችን፣ ለታናሽ ወንድሙ ባጃጅ ብሎ ከሀራጅ የገዛውን አምፕሊፋየር ይዞ መጥቶ ነበር። ካርቶኑ ላይ በትልልቁ «1000 ዋት» ይላል። አገላብጠን ጎኑን ስናየው የተሰካው ፊውዝ ባለ 10 አምፔር ነው። እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

ዋት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፔር ነው። የመኪና ባትሪ ሞልቶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀመጥ 12.6 ቮልት አካባቢ ነው። ሞተር ተነሥቶ ዲናሞው ሲሞላው ወደ 14 ይደርሳል። በ10 አምፔር ፊውዝ ሳያቋርጥ ሊያልፍ የሚችለው 14 ሲባዛ በ10፣ ማለትም 140 ዋት ነው። ይህ ከባትሪው የሚገባው ነው እንጂ ወደ ስፒከር የሚወጣው አይደለም። የተለመደው ዓይነት አምፕሊፋየር ጮክ ብሎ ሲሠራ ከሚበላው መቶ እጅ ስልሳውን ያህል ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። 140 ሲባዛ በ0.6 ወደ 84 ዋት ነው። «ዲ ክላስ» የሚባለው አዲሱ ዓይነት ቆጣቢ ስለሆነ ከመቶ ሰማንያ ቢሰጥ እንኳ 112 ነው። ታዲያ አንድ ሺው ከየት መጣ? ከማተሚያ ቤት ነዋ!

ነገሩን ገልብጣችሁም እዩት። አንድ አምፕሊፋየር እውነተኛ 1000 ዋት እንዲያወጣ ወደ 1,670 ዋት መብላት አለበት። ያንን ለ14 ስታካፍሉት 119 አምፔር ይመጣል። የብዙ የቤት መኪኖች ዲናሞ ራሱ ከ70 እስከ 100 አምፔር ነው፤ እሱም መብራቱንና ማቀዝቀዣውን ሁሉ ችሎ። የባጃጅ ማመንጫማ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ያ ዕቃ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ባጃጁ ሊያሠራው አይችልም ነበር። ባጃጁ ካሠራው ደግሞ 1000 ዋት አይደለም። በሁለቱም በኩል ገንዘቡ ባክኗል።

ቴፑ ላይ የሚጻፈውን «50 ዋት በ4» የሚለውንስ ምን እንበለው? ይህኛው ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም፤ ምንጩ ይታወቃል። 14.4 በራሱ ሲባዛ 207 ነው። ለ4 ኦም ስፒከር ስታካፍሉት 52 ይመጣል። ማለትም የባትሪው ጉልበት በሙሉ ያለ ምንም ቅናሽ ስፒከሩ ላይ ቢደፋ የሚገኝ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ሙዚቃ አይባልም፤ የተቆራረጠ ጩኸት ነው። ንጹሕ ድምፅ ማዕበል ነው፤ ይወጣል ይወርዳል፤ ስለዚህ ሊሰጥ የሚችለው የዚያ ግማሽ፣ 26 ዋት ነው። በውስጡ የሚባክነው ሲቀነስ ደግሞ በእያንዳንዱ ስፒከር ወደ 20 ይወርዳል። ከቴፑ ጀርባ ፊውዙን ብታዩት ብዙውን ጊዜ ባለ 10 ወይም ባለ 15 ነው። አራት ጊዜ 50 ሳያቋርጥ እንደማያወጣ ፊውዙ ራሱ ይነግራችኋል።

አንድ ሌላ ነገር ጨምሩበት። ጆሯችን ዋትን እንደ ገንዘብ አይቆጥርም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሰማም፤ «ትንሽ ጨመረ» የሚያሰኝ ብቻ ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን ዋቱ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። ስለዚህ ትንሽ አምፕሊፋየር ከጥሩ ስፒከር ጋር፣ ትልቅ አምፕሊፋየር ከመጥፎ ስፒከር ጋር ቢወዳደሩ ትንሹ ሊያሸንፍ ይችላል። ሪያሉን ስፒከሩ ላይ አውሉት የምለው ለዚህ ነው።

የምንሠራው ዕቃ

እንግዲህ ለመማሪያ የመረጥኩላችሁ ቲዲኤ 2003 የሚባል ባለ አምስት እግር አይሲ ነው። ኤስጂኤስ የሚባለው የጣልያን ፋብሪካ ለመኪና ሬዲዮ ብሎ ያወጣው፣ የቲዲኤ 2002 ታናሽ ወንድም ነው። ዕድሜው ረጅም ቢሆንም ለተማሪ የሚስማማው በሦስት ምክንያት ነው። ከ8 እስከ 18 ቮልት ድረስ ይሠራል። ስፒከሩ ሾርት ቢሆን ወይም ራሱ ቢሞቅ ሥራውን ቀንሶ ራሱን ያድናል። ዙሪያውን የሚገባው ዕቃም በጣት የሚቆጠር ነው።

አቅሙ ስንት ነው? በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም ስፒከር እስከ 6 ዋት፤ በ2 ኦም እስከ 10 ዋት ነው። ይህም መጨረሻው ላይ ተጭኖ፣ ድምፁ መንኮሻኮሽ ሲጀምር የሚለካ ነው። ሒሳቡን ራሳችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ። የዚህ አይሲ ማዕበል ወደ ላይም ወደ ታችም 7.2 ቮልት ነው የሚሄደው። 7.2ን በ0.707 ስታባዙ 5.1 ይሆናል። 5.1 በራሱ ሲባዛ 26፣ ለ4 ሲካፈል 6.5 ነው። ከዚያ አይሲው ለራሱ ትንሽ ያስቀራል፤ 6 ቀረ። አያችሁ፣ ፋብሪካው አልዋሸም። 6 ዋት ደግሞ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ መንዙማም ሰማችሁ ዘፈን፣ ጆሮ ይሞላል።

ለአንድ ስፒከር የሚያስፈልገው ይኸውላችሁ። ለግራና ቀኝ ከሆነ ሁሉንም በሁለት አባዙት።

ቲዲኤ 2003 አይሲ፣ አንድ።
ካፓሲተር 1000 ማይክሮ ፋራድ፣ 25 ቮልት፣ ሁለት።
ካፓሲተር 470 ማይክሮ ፋራድ፣ 16 ወይም 25 ቮልት፣ አንድ።
ካፓሲተር 2.2 ማይክሮ ፋራድ፣ ፖዘቲቭ ኔጌቲቭ የማይለይ፣ አንድ።
ካፓሲተር 0.1 ማይክሮ ፋራድ፣ ሁለት።
ሬዚስተር 220 ኦም ባለ ግማሽ ዋት፣ 2.2 ኦም እና 1 ኦም፣ ከእያንዳንዱ አንድ።
የድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ 10 ኪሎ ኦም፣ አንድ።
የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው ባለ ክንፍ አሉሚኒየም፣ ቀዳዳ ያለው ቦርድ፣ ፊውዝ ባለ 3 አምፔር ከነቤቱ።

ካፓሲተር ስትገዙ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ሙቀት አንብቡ። 85 ዲግሪ የሚል አለ፣ 105 ዲግሪ የሚል አለ። 105ቱን ያዙ። በጅዳም በመካም በበጋ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ምን እንደሚመስል እናንተ ታውቁታላችሁ። ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ የዋጋው ልዩነት ግን ሳንቲም ነው። አሉሚኒየሙን አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ከተሽሊህ ከወጣ አሮጌ ቴፕ ጀርባ ወይም ከተጣለ ኮምፒውተር ውስጥ ይገኛል።

የሶልደር ብረቱን፣ ካውያውን፣ ስትገዙም ሊወስደን የሚችል አንድ ወጥመድ አለ። እዚህ አገር በአሮጌ ቤቶች ያለው መብራት 127 ቮልት ነው፤ አገራችን 220 ነው። ለ110 ወይም ለ127 የተሠራ ካውያ አገር ቤት ወስዳችሁ ብትሰኩት በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። እጀታው ወይም ገመዱ ላይ 220 የሚል ጽሑፍ መኖሩን ሳታዩ አትክፈሉ።

አገጣጠሙ

አይሲውን ጽሑፉ ወደ እናንተ፣ እግሮቹ ወደ ታች አድርጋችሁ ያዙት። ከግራ ወደ ቀኝ ከአንድ እስከ አምስት ቁጠሩ። አንደኛው ድምፅ የሚገባበት ነው። ሁለተኛው አይሲው የራሱን ድምፅ መልሶ የሚሰማበት ነው። ሦስተኛው ኔጌቲቭ ነው። አራተኛው ወደ ስፒከር የሚወጣበት ነው። አምስተኛው ፖዘቲቭ ነው። ይህቺን በቃላችሁ ያዟት፤ ሌላው ሁሉ እሷን ተከትሎ ይመጣል።

ኃይሉን አስቀድሙ። ከፊውዙ የመጣው ፖዘቲቭ አምስተኛው እግር ላይ፣ ኔጌቲቩ ሦስተኛው ላይ ይገባል። በሁለቱ መካከል አንድ 1000 እና አንድ 0.1 ካፓሲተር ይቀመጣሉ። 0.1 የምትለዋ ከእግሮቹ ሥር መሆን አለባት፤ በረጅም ሽቦ ብትርቅ አይሲው በራሱ ጊዜ መንቀጥቀጥና መሞቅ ይጀምራል።

ቀጥሎ ድምፅ መውጫው። ከአራተኛው እግር ሁለተኛው 1000 ካፓሲተር ይነሣል፤ ፖዘቲቩ ወደ አይሲው፣ ኔጌቲቩ ወደ ስፒከሩ። የስፒከሩ ሌላኛው ሽቦ ኔጌቲቭ ላይ ያርፋል። ይህ ካፓሲተር ለምን መጣ? አራተኛው እግር ላይ ሁልጊዜ የባትሪው ግማሽ ቮልት አለ። ካፓሲተሩ ባይኖር ያ ቮልት ያለ ማቋረጥ በስፒከሩ እየፈሰሰ ጥቅሉን ያቃጥለዋል። መጠኑም ለቤዝ ወሳኝ ነው። በ4 ኦም ስፒከር 1000 ብታደርጉ ቤዙ እስከ 40 ኸርዝ ይወርዳል፤ 470 ብታደርጉ ግን ከ85 በታች ያለው መሳሳት ይጀምራል። «ቤዝ የለውም» የሚባል አምፕሊፋየር ብዙ ጊዜ በሽታው እዚህ ጋ ነው። ከአራተኛው እግር ወደ ኔጌቲቭ ደግሞ 1 ኦም ሬዚስተርና ሁለተኛዋ 0.1 ካፓሲተር አንዱ ከአንዱ ተያይዘው ይገባሉ፤ የማይሰማ ጩኸት እንዳይፈጠር ልጓም ናቸው።

አሁን መልሱ። ከአራተኛው እግር 220 ኦሙ ይነሣና ከ2.2 ኦሙ ጋር ይገናኛል፤ የ2.2ቱ ሌላ ጫፍ ኔጌቲቭ ላይ ያርፋል። ሁለቱ ከተገናኙበት ቦታ 470 ካፓሲተር ተነሥቶ ሁለተኛው እግር ላይ ይገባል፤ ፖዘቲቩ በእግሩ በኩል ነው። ድምፁ ስንት ጊዜ እንደሚጎላ የሚወስኑት እነዚህ ሁለት ሬዚስተሮች ናቸው። 220 ለ2.2 ሲካፈል 100 ነው፤ አንድ ሲጨመር 101። የገባው ድምፅ 101 ጊዜ ይጎላል ማለት ነው። 220ውን ባለ ግማሽ ዋት ያልኳችሁ ደግሞ ሙሉ ድምፅ ላይ አንድ ሦስተኛ ዋት ያህል ስለሚሞቅ ነው፤ ሩብ ዋት የሆነው ይጠቁርባችኋል።

መጨረሻ ላይ መግቢያው። ድምፁ በመጨመሪያው ቁልፍ በኩል መጥቶ፣ በ2.2 ማይክሮ ፋራዱ አልፎ አንደኛው እግር ላይ ይገባል። ቁልፉን እንዳትተዉት። 101 ጊዜ የሚያጎላ ነገር ከአንድ ሃያኛ ቮልት በላይ ከገባበት ይሞላና ይንኮሻኮሻል፤ ስልክ ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይሰጣል።

አይሲውን አሉሚኒየሙ ላይ በብሎን አጥብቁት፤ በመካከል ነጩን የሙቀት ቅባት ቀቡ። ጀርባው ከኔጌቲቭ እግሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የመኪናውን ቦዲ ቢነካ ችግር የለውም። ሁሉም አይሲ ግን እንዲህ አይደለም፤ ሌላ ቁጥር ስትገዙ ሳታጣሩ ቦዲ አታስነኩት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበሩ

ሠርታችሁ እንደጨረሳችሁ በቀጥታ ባትሪ ላይ አትስኩ። አንድ የመኪና ፍሬን አምፖል፣ ባለ 12 ቮልት 21 ዋት፣ ፈልጉና በፖዘቲቩ መንገድ መካከል አስገቡት። ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ አልፎ ነው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚደርሰው። የሆነ ቦታ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ ከ2 አምፔር በላይም ስለማያሳልፍ ምንም አይቃጠልም። ትክክል ከሆነ ካፓሲተሮቹ እስኪሞሉ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ዘበኛችሁ ይህ አምፖል ነው፤ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ይበልጣል።

ከጠፋ በኋላ ድምፅ ሳታስገቡ በመልቲሜትር ሁለት ነገር ለኩ። አንደኛ፣ በአራተኛው እግርና በኔጌቲቭ መካከል ያለው ቮልት የባትሪው ግማሽ አካባቢ፣ ወደ 6 መሆን አለበት። 12 ወይም ዜሮ ካሳየ አጥፉና መስመራችሁን ፈትሹ። ሁለተኛ፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚበላው 45 ሚሊ አምፔር አካባቢ ነው፤ 50 ካለፈ ተጠራጠሩ። ይህ ልኬት አስመስለው የሠሩትን አይሲም ያጋልጥላችኋል። ሁለቱ ሲስማሙ አምፖሉን አውጥታችሁ ፊውዙን አስገቡ፤ ድምፁንም ከዜሮ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

መኪና ላይ

ከዚህ በኋላ የምናገረው አገር ቤት ገብታችሁ ለምትሠሩት ነው። ከምንም በላይ ይህን ክፍል አስቀሩልኝ።

የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ስለሆነ አይነዝርም፤ ሰው የሚዘናጋው በዚህ ነው። ሾርት ሲሆን ግን በመቶ የሚቆጠር አምፔር ይለቃል። ሽቦው በሰከንዶች ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያ ምንጣፉና ወንበሩ ይቀጥላል። የአንድ ቤተሰብ እንጀራ የሆነ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ እንዲህ ነው አመድ የሚሆነው። መድኃኒቱ ፊውዝ ነው፤ ቦታውም ከባትሪው ራስ በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው። ፊውዙን አምፕሊፋየሩ አጠገብ ብቻ ብታደርጉት፣ ከባትሪው እስከዚያ ያለው ረጅም ሽቦ ጠባቂ የለውም። ፊውዝ በመጀመሪያ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው።

የእኛ አምፕሊፋየር ግራና ቀኙ በ4 ኦም ስፒከር አንድ ላይ ከአንድ አምፔር ብዙም አይዘልም፤ ባለ 3 አምፔር ፊውዝና ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በቂው ነው። ፊውዝ ሲቃጠል በብር ወረቀት ወይም በሽቦ ጠቅልሎ መመለስ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። አታድርጉት፤ ለሚያደርግም አትሥሩለት። ሽቦው ብረት ቀዶ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የላስቲክ ቀለበት አድርጉ፤ ናስትሮ ብቻውን በንዝረት ተበልቶ ያልቃል።

ሌሎች ሦስት ነገሮችን ያዙ።

አንደኛ፣ ቮልቱን ሳትለኩ አትግጠሙ። ባጃጅና የቤት መኪና 12 ቮልት ናቸው። ብዙዎቹ አይሱዙ የጭነት መኪኖች ግን ሁለት ባትሪ ያላቸው፣ 24 ቮልት ናቸው። ይህ አይሲ ከ18 በላይ አይሠራም። ሁለት ባትሪ አለ ብሎ ከአንደኛው ብቻ 12 መጥለፍም መፍትሔ አይደለም፤ አንዱ ባትሪ እየደከመ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላና ሁለቱም ይበላሻሉ።

ሁለተኛ፣ አዲስ ዘመን ቴፕ የስፒከር መውጫው ሁለቱም ሽቦ ቮልት አለው። «አንዱ ኔጌቲቭ ነው» ብላችሁ ቦዲ ላይ ብታስሩት ቴፑን ትገድሉታላችሁ። ድምፁን ከቴፑ ጀርባ ካሉት ክብ የአርሲኤ መውጫዎች ውሰዱ።

ሦስተኛ፣ ሞተር እየሠራ የባትሪ ራስ አትንቀሉ። ዲናሞ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ብለው የሚነቅሉ መካኒኮች አሉ። በዚያች ቅጽበት ዲናሞው ከፍተኛ ቮልት ይተፋል። የእኛ አይሲ እስከ 40 ቮልት የሚደርስ ግፊትን ለአንድ ሃያኛ ሰከንድ ይችላል፤ የመኪናው ኮምፒውተር ግን ላይችል ይችላል። ዲናሞ የሚፈተነው በመልቲሜትር ነው፤ ሞተር ሲነሣ ወደ 14 ከወጣ ይሠራል።

ሞተር ሲነሣ ከድምፁ ጋር «እይይይ» የሚል ጩኸት ከመጣ ደግሞ ዕቃ ለመቀየር አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ቴፑና አምፕሊፋየሩ ኔጌቲቭ የያዙት የተለያየ ቦታ ላይ ስለሆነ ነው። ሁለቱንም አንድ ነጥብ ላይ አምጡ፤ ቀለሙን ፍቃችሁ ንጹሕ ብረት አስይዙ፤ የድምፁንና የኃይሉን ሽቦም በመኪናው የተለያየ ጎን አሳልፉ።

ምን እናድርግ?

ሁለት ሐሳብ አለኝ። የመጀመሪያው የጋራ የመሣሪያ ሳጥን ነው። አንድ መልቲሜትር፣ አንድ የ220 ካውያ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ሶልደርና ያቺ የፍሬን አምፖል። ለአንድ ሰው ወጪ ነው፤ እንደ ዕቁብ ተዋጥቶ ከተገዛ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ለብዙ ሰው መማሪያ ይሆናል። አገር የሚገባ ሰው ሳጥኑን ለሚቀጥለው ያስረክባል፤ ሙያውን ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛው፣ ለአገር ቤት አምፕሊፋየር ልትገዙ ስታስቡ ከመክፈላችሁ በፊት ፊውዙን ተመልከቱ። ቁጥሩን በ14 አባዙት፤ ከዚያ በ0.6 አባዙት። የወጣውን ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ሻጩ ፊት ቆማችሁ በስልካችሁ ካልኩሌተር የምትጨርሱት ነገር ነው። ካላመናችሁት የፊውዙን ፎቶ አንሥታችሁ ለማኅበራችን ላኩ፤ አብረን እናሰላዋለን። የወንድማችን ዕቃ ግን አልተጣለም። 1000 ባይሆንም 80 ገደማ ነው፤ ባጃጁ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፊውዙን ከባትሪው ሥር አስገብቶ ይጠቀምበታል። ታናሽየውም የሚቀጥለውን ራሱ እንዲሠራ ይህን ጽሑፍ በስልክ ልኮለታል።